ደጁን ለቀሽ ብትወጪ

ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራነሽ ከደብረ ኤልያስ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍራ ደብረ ማርቆስ ትገባለች፤ በመጨረሻው ሚኒባስ ደግሞ ትመለሳለች። በመካከሉ ያለው ጊዜ የልጇ የማርያማዊት ነው። ልጅቱ ከክርስትና እናቷ ከእትዬ ወለተ ሐዋርያት ጋር ከተማ መኖር ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። ሥራነሽ በደረሰች ቁጥር አንድ አዲስ ነገር ታገኝባታለች። አንድ ቅዳሜ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጠበቃት፤ ሌላ ቅዳሜ እንደ ከተማ ልጅ «ኧረ ባክሽ!» ማለት ለምዳ አገኘቻት። ጥርሱ ሲነቃነቅ አላየችም። ቃሉንም ማን እንዳስተማራት አታውቅም።

እውነቱን ለመናገር ሥራነሽን የናፈቃት ቅዳሜ አልነበረም። ቅዳሜ ልጅቱ ታጥባ፣ ተሠርታ፣ እንግዳ እንደሚመጣበት ቤት ተስተካክላ ትጠብቃታለች። የናፈቃት ማክሰኞ ነበር። ልጅቱ ከእንቅልፏ ስትነሣ ተነጫንጫ፣ ፊቷን አልታጠብም ብላ፣ አንድ እግር ካልሲ ጠፍቶባት ስታለቅስ ማየት ነበር የናፈቃት። ማንም እንግዳ የማይፈልገውን ተራውን ቀን።

«እማ፣ ዛሬስ ታድሪያለሽ?» ትላለች ማርያማዊት፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል።

«ዛሬስ አይመቸኝም፣ የኔ ዓለም።»

«መቼ ነው የሚመችሽ?»

«እስቲ ይሁን፣ አንድ ቀን።»

«ሁልጊዜ አንድ ቀን ትያለሽ።»

እዚህ ላይ እትዬ ወለተ ሐዋርያት ከጓዳ ይገባሉ። «ተያት እንግዲህ፣ መኪናው ያመልጣታል። ነይ ይልቅ ይቺን ዳቦ ቋጥሪላት።» ልጅቱም ዳቦውን በስስ ፌስታል ቋጥራ፣ የእናቷን ፊት ሳታይ ትሰጣታለች።

አንሙት፣ የሥራነሽ ባል፣ ክፉ ሰው ነው ብሎ መደምደም ለማንም ይከብዳል። አገሩ በጉብዝናው ያውቀዋል። ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ የታመመ ጎረቤት ሲኖር በሬውን ይዞ የሚያርስ ሰው ነው። በሬዎቹን መትቶ አያውቅም፤ ጅራፉን አየር ላይ ያጮኸዋል እንጂ ጀርባቸው ላይ አያሳርፈውም። ሥራነሽን ግን ይመታል። ገበያ ከዘገየች ይመታል፤ ካልዘገየችም፣ ዝናቡ ሲዘገይ ይመታል። ከመታ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሳይናገር ይውልና ማታ ሳይታዘዝ እንጨት ይፈልጣል።

የዛሬ ዓመት ገደማ አንድ ቀን ሊመታት በርጩማ ሲያነሣ ማርያማዊት መካከል ገባች። የተሰበረው የልጅቱ ክንድ ነበር። አንሙት ራሱ ተሸክሟት እስከ መኪናው ድረስ ሮጠ፤ ሮጦም ሐኪም ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። የሕክምና ባለሙያዎቹ ዜማ የምትባል ወጣት ጠሩ። ዜማ በከተማው በጥቃት የተጎዱ ሴቶችንና ሕፃናትን የሚረዳ አንድ አነስተኛ ማረፊያ ቤት ውስጥ የምትሠራ ናት። አንሙት ጣቢያ ከርሞ በዋስ ወጣ። ልጅቱ ወደዚያ ቤት እንዳትመለስ ተወሰነ። እትዬ ወለተ ሐዋርያትም፣ «እኔ ክርስትና ያነሣኋት ለፎቶ ነው እንዴ?» ብለው ነጠላቸውን አደግድገው መጥተው ወሰዷት።

ሥራነሽ ግን ልጅቱ ሐኪም ቤት በተኛችበት በመጀመሪያው ቀን እንኳ አብራት አላደረችም። መሸት ሲል ግንባሯን ስማ ወጣች። ነርሷ «ምን ዓይነት እናት ናት!» ስትል በጆሮዋ ሰምታለች። ማርያማዊትም ሰምታለች።

ከዚያ ወዲህ ዜማ ሥራነሽን ብዙ ጊዜ አነጋገረቻት። ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ክፍል አለ አለቻት፤ የልብስ ስፌት ሥልጠና አለ፤ ጉዳዩን በነፃ የሚይዝ ጠበቃ አለ። ሥራነሽ ሁሉንም በጥሞና ትሰማና «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትላለች፤ ከዚያም አትመጣም። ዜማ መጀመሪያ ፍርሃት መሰላት። ቀጥሎ መሬቱ መሰላት። በመጨረሻ ምን እንደሚመስላት ራሷም አላወቀችም።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ሁለቱ በእትዬ ወለተ ሐዋርያት ደጃፍ ላይ አብረው ተቀመጡ። ማርያማዊት ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ እየዘለለች ነበር።

«እታለም ሥራነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አትቆጪኝም?»

«ምን በወጣኝ ልቆጣሽ።»

«እሺ ትይኛለሽ፤ ግን አትመጪም። መሬቱ ነው? የመሬት ደብተሩ ላይ እኮ ስምሽም ፎቶሽም አለ፤ ማንም አይነጥቅሽም።»

«መሬቱስ የት ይሄዳል፤ እዚያው ነው።»

«እሱ ያሳዝንሻል?»

«ያሳዝነኛል። አንቺም ብታይው ያሳዝንሻል።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ሥራነሽ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችው፤ ፈታችው። «ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ። አንቺ የተማርሽ ነሽ።»

«አልስቅም።»

«ግዝት አለብኝ።»

ዜማ አልሳቀችም። ያደገችው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ቄስ መስቀሉን አንሥቶ የገዘተው ነገር ሰውን እንዴት እንደሚይዝ ከእናቷ ቤት ታውቀዋለች። ያላወቀችው ይህኛው ግዝት እዚህ መኖሩን ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርያማዊት ገና ትምህርት ቤት ስትገባ ሥራነሽ ዱላው በዝቶባት ወንድሟ ቤት ሸሽታ ነበር። ሽማግሌዎች ሄደው አመጧት። ያን ጊዜ የደብሩ ቄስ መምሬ ዘማርያም ነበሩ፤ እርቁ እንዲጸና ሁለቱንም አቁመው በመስቀላቸው ገዘቱ። «አንሙት፣ እጅህን ብታነሣባት፣ በአባቶቼ በሐዋርያት ሥልጣን ግዝት ይሁንብህ። አንቺም ሥራነሽ፣ ደጁን ለቀሽ ብትወጪ ግዝት ይሁንብሽ።» ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ። ከዚያም አንዱ ለሥራነሽ አስረዷት። ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሐኪም ቤት መሄድ አይከለክልሽም፤ ከቤትሽ ውጪ ማደር ግን የለም አሏት። ያን ዕለት ሁሉም ጠላ ጠጥተው፣ ደግ ሥራ ሠርተናል ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ።

አንሙት አዝመራው ሳይሰበሰብ ግዝቱን ሰበረ። ሰብሮም ደነገጠ። መምሬ ዘማርያም በእርጅና ምክንያት ወደ ወንድማቸው ልጅ ደብረ ወርቅ ሄደው ስለነበር፣ በእግራቸው ወደ ተተኩት ወደ ቄስ ፍሥሐ ሮጠ። ቄስ ፍሥሐም ቀኖና ሰጡት፤ ጾመ፣ ሰገደ፣ ጉልበቱ እስኪላጥ ሰገደ። እውነተኛ ንስሐ ነው ብለውም ፈቱት። ሲደግምም እንደዚያው ሆነ። ሥራነሽ ደግሞ ሄዳ «እኔንም ይፍቱኝ» ብትላቸው ቄስ ፍሥሐ አዘኑ። «አንቺ ምን ሰበርሽ ልጄ? የሰበርሽው ሳይኖር ከምን ልፍታሽ? ከታሰርሽው ልትወጪ ከሆነ ደግሞ ያሰሩሽ አባት ይፍቱሽ፤ እኔ ያላሰርኩትን አልነካም» አሏት። እንዲህ ሆኖ የሰበረው ተፈታ፤ ያልሰበረችው ታስራ ቀረች።

«ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?» አለች ዜማ።

«ምን ልትይኝ? ሕጉን ልትነግሪኝ? ሕጉ ምድር ላይ ነው።»

«እንግዲያ ደብረ ወርቅ መሄድ ነዋ» አለች ዜማ።

«ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይሆንም። ማደር አለው።»

ሁለቱም ተያዩ። ሥራነሽ ለመፈታት ማደር ነበረባት፤ ካደረች ደግሞ ሰብራለች።

ዜማ እንደ ከተማ ሰው በስልክ ልሞክር አለች። ጠያይቃ የመምሬን የወንድም ልጅ የዲያቆን አብይን ቁጥር አገኘችና ደወለች። ዲያቆን አብይ «ጆሯቸው ደክሟል፣ ጮክ በይ» ብሎ ስልኩን ለሽማግሌው ሰጣቸው። ዜማ ጮኸች። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ገመድ የሚዘልሉት ልጆች ቆሙ።

«አባቴ! ግዝት እንዲፈቱልን ነው!»

«ማን ሞተ?» አሉ መምሬ።

«ማንም አልሞተም! ግዝት! ግዝት ነው!»

«እ… ግዝት። በዚህ በስልክ ነው የምፈታው? መስቀሉንስ ማን ይሳለመዋል? ይምጡ፣ ይምጡ» አሉና ስልኩን መዝጋት ስለማያውቁ፣ ለአብይ «ማን ናት ይቺ ጯሂ?» ሲሉት ተሰማ።

ሥራነሽ ሳቀች። ብዙ ጊዜ ስቃ አታውቅምና ማርያማዊት ገመዷን ጥላ እናቷን ለማየት መጣች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራነሽ እንደወትሮው በመጀመሪያው መኪና ደብረ ማርቆስ ገባች፤ ወደ እትዬ ወለተ ሐዋርያት ቤት ግን አልሄደችም። ልጇን ካየች ልቧ እንደሚከዳት ታውቃለች። ዜማ መናኸሪያው ድረስ መጥታ በቢቸና መኪና አሳፈረቻት። «አብሬሽ ልሂድ» ብትላትም እንቢ አለች። «ኃጢአት ከሆነ የኔ ብቻ ይሁን» አለቻት።

ቢቸና መኪና መቀየር ነበረባት። ወርዳ ስትቆም አንድ ረዳት ከሌላ ሚኒባስ በር ተንጠልጥሎ «ማርቆስ! ማርቆስ! የመጨረሻ ነው! አንድ ሰው!» ይላል። ሥራነሽ በዚያ መኪና ብትመለስ የደብረ ኤልያሱ የመጨረሻ ሚኒባስ እንደሚደርስላት አወቀች። ማንም ምንም ሳያውቅ፣ ቤቷ ገብታ ላሟን አልባ፣ እንደ ትናንት መኖር ትችላለች። እግሯ ወደዚያ ወሰዳትና በሩ አጠገብ ቆመች።

«እናት፣ ግቢ እንጂ! ወንበሩ እየቀዘቀዘ ነው» አላት ረዳቱ።

የበሩን ጫፍ ያዘች።

«ማርቆስ ነሽ አይደለሽም?»

«ደብረ ወርቅ ነኝ» አለች፣ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ታዲያ የኔን በር ምን ያስጠብቅሻል? ደብረ ወርቅ እኮ ወዲያ ነው! ሰው ነሽ ወይስ ዘበኛ?» ተሳፋሪው ሳቀ። ረዳቱ በሩን ዘጋና መኪናው ሄደ። ሥራነሽ መኪናው አቧራው ውስጥ እስኪጠፋ አየችው። ሰማዩ ይከፈታል፣ ምድሩ ይሰነጠቃል ብላ ጠብቃ ነበር። አንዲት ሴት ሽንኩርት እየመዘነች ነበር። አንድ ልጅ የሸንኮራ ልጣጭ ተፋ። ሥራነሽ አማተበችና የደብረ ወርቁን መኪና ፈለገች።

ደብረ ወርቅ ስትደርስ መምሬ ተኝተው ነበር። የዲያቆን አብይ ሚስት እግሯን አጥባ፣ አብልታ፣ ከልጆቿ ጋር አስተኛቻት። የማታውቃቸው ልጆች ሲተነፍሱ እየሰማች አደረች። አንደኛዋ ሕፃን በእንቅልፍ ልቧ እግሯን ጭኗ ላይ ጣለችባት፤ ሥራነሽም ትነቃብኛለች ብላ ሳትንቀሳቀስ ነጋ።

በማግስቱ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ መምሬ ዘማርያም ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ ቀረበችና ጉልበታቸውን ሳመች። በጣም አርጅተዋል። እጃቸው ላይ ያለው መስቀል ግን ያው ነው፤ አወቀችው።

«ማን ነሽ ልጄ?»

«ሥራነሽ ነኝ አባቴ፤ የአንሙት ሚስት። ከደብረ ኤልያስ።»

«አንሙት… የትኛው አንሙት?»

«ያስታረቁን። የገዘቱን።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ፈለጉ፤ አላገኙም። «ብዙ ሰው አስታርቄያለሁ ልጄ። ብዙ ሰው።»

ይህን ሥራነሽ አላሰበችውም ነበር። ይቆጡኛል ብላ አስባለች፤ አልፈታሽም ይሉኛል ብላ አስባለች። ቃላቸውን ሌትና ቀን ተሸክማው ስትኖር እሳቸው ዘንድ ግን ጭራሽ እንደሌለ አልመጣላትም። ልትቆጣም ልታለቅስም ፈለገች፤ ሁለቱም እንቢ አላት።

«እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ብዬ ገዘትኩሽ?»

ቃል በቃል ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ያለውንም ነገረቻቸው፤ ጆሯቸው ስለደከመ ጮክ ብላ። ለወንድሟ እንኳ በሹክሹክታ ያልነገረችውን በጠራራ ፀሐይ፣ ምእመናን ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ እየጮኸች ነገረቻቸው። ስለ በርጩማው ነገረቻቸው። ልጇን ሐኪም ቤት ጥላ ስለወጣችበት ምሽትም ነገረቻቸው። መንገደኞች ቆም እያሉ አለፉ። ማፈር እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን መሃል ላይ ማቆም አልቻለችም።

«አዝመራው ሳይሰበሰብ መታሽ?» አሉ መምሬ።

«አዎ።»

«ታዲያ ያን ጊዜውኑ ለምን መጥተሽ አልነገርሽኝም?»

«ደጁን ለቀሽ ብትወጪ ብለውኛል እኮ አባቴ። ከደጁ ሳልወጣ በየት በኩል ልምጣ?»

መምሬ መስቀሉን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔ እጁን ያሰርኩ መስሎኝ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ሌሊቱን የት አደርሽ?» አሏት።

«እዚሁ፣ ከልጆችዎ ጋር።»

«እንግዲያ ወጥተሻል።»

«ወጥቻለሁ። አሁን ባይፈቱኝም አልመለስም አባቴ። ግን ይፍቱኝ።»

ሽማግሌው ለመነሣት ሞከሩ፤ እሷም ደግፋ አነሣቻቸው። ቆመው ጸለዩ፤ ጸሎቱ ከትዝታቸው አልጠፋም ነበር፤ ሳያቋርጡ ወረደላቸው። መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳርፈው ሦስት ጊዜ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ።

«ላኪልኝ እሱንም» አሉ ሲቀመጡ። «አንሙትን። ልምከረው።»

«እሱስ አባቴ፣ ሲፈታ ነው የኖረው» አለች ሥራነሽ።

ደብረ ማርቆስ ስትደርስ እሑድ ማምሻው ላይ ነበር። ማርያማዊት መንገድ ላይ ከልጆች ጋር ጠጠር ስትጫወት አገኘቻት። አልታጠበችም። ጉልበቷ አፈር ለብሷል፣ ጉንጯ ላይ የደረቀ ወጥ አለ፤ ማንንም አልጠበቀችም። እናቷን ስታይ አልሮጠችም። ቀስ ብላ ተነሣችና፣

«ዛሬ እኮ እሑድ ነው» አለች፣ ሰው ስህተት እንደሚያርም።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«ልኖር ነው የመጣሁት።»

ልጅቱ ደጃፉ ላይ ወደ ቆሙት ወደ እትዬ ወለተ ሐዋርያት ዞር ብላ አየች፤ እውነት መሆኑን ከሳቸው ለመስማት። እትዬ ወለተ ሐዋርያት ግን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበርና አልረዷትም።

ሰኞ ጠዋት ሥራነሽ ያን የናፈቀችውን ሁሉ አንድ ላይ አገኘችው። ልጅቱ አልነሣም አለች። ፊቷን ስትታጠብ ውኃው ቀዘቀዘኝ ብላ ጮኸች። ሹሩባዋን ስትነካት «እንዲህ አይደለም የምሠራው» ብላ እጇን መታቻት። ሥራነሽ በልቧ ይህን ሁሉ ስታስብ ደስታ ብቻ መስሏት ነበር፤ አሁን ግን አጠገቧ ሆና ይበልጥ ናፈቀቻት። ያመለጣት ዓመት መሃላቸው ተቀምጧል። ሌላም ነገር ናፈቃት፤ ለማንም አትናገረውም እንጂ። ላሟን ዛሬ ማን አልቧት ይሆን? ከጓሮዋ ጀርባ ያለው ጤፍ ፍሬ ይዞ መንዶልዶል ጀምሮ ነበር። አንሙትም ምድጃው ጠፍቶ፣ ዝም ብሎ ደጁን እያየ ተቀምጦ ይሆናል። ዜማ ከሰዓት ጠበቃው ጋ እንሂድ ብላታለች። ፍርድ ቤቱ ምን እንደሚል ገና አይታወቅም።

ትምህርት ቤቱ ከቤቱ ሩቅ አይደለም። በሩ ላይ ሲደርሱ ማርያማዊት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቆመች።

«ስመለስ ትኖሪያለሽ?»

«እኖራለሁ።»

«ማርያምን በይ።»

ሥራነሽ አፏን ከፈተች። ቃሉ ቀላል ነበር፤ አገሩ ሁሉ በቀን ስንቴ የሚለው ነው። ግን አልወጣላትም።

«አልምልም» አለች።

የልጅቱ ፊት ተለወጠ። «አየሽ? ልትሄጂ ነው!»

«አልሄድም። መሐላ አልወድም እንጂ። ስትወጪ ነይና እዪኝ። እዚሁ፣ እዚች አጥር ሥር ነኝ።»

ማርያማዊት ተቆጥታ ገባች። ደወሉ ተደወለ፤ ሰልፉ ተበተነ፤ ግቢው ጸጥ አለ። ሥራነሽ አጥሩ ሥር ነጠላዋን አጣጥፋ ተቀመጠች። ዘበኛው መጥቶ «እሜቴ፣ የወላጅ ስብሰባ እኮ ዛሬ አይደለም» አላት። «አውቃለሁ ጋሼ፣ ሰው እየጠበቅሁ ነው» አለችው። ዘበኛውም ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

ለእረፍት ሲደወል ልጆቹ እንደ ተለቀቀ ውኃ ወደ ሜዳው ፈሰሱ። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ ተነጥላ ወደ አጥሩ ሮጠች። በእንጨቶቹ መካከል አጮልቃ እናቷን አየች፤ እናቷም አየቻት።

«እስክሪብቶዬን ረስቼ ነው» አለች ማርያማዊት፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

እስክሪብቶው እጇ ላይ ነበር። ልጅቱ ትንሽ ቆማ አየቻትና እንደመጣችው እየሮጠች ወደ ጓደኞቿ ተመለሰች።